ያልያዘ ቅልጥም በአሜሪካ የሂሳብ ኮድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ የሕክምና ኮዲንግ የሚማሩ ልጆችና አሜሪካ ካለ ዘመዳቸው የሂሳብ ወረቀት በቴሌግራም የሚላክላቸው ሰዎች፣ ተሰብሮ ስላልያዘ ቅልጥም ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ መለስኩ፤ የኮዶቹን ፊደላት እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ።

ሜዲካል ቢሊንግና ኮዲንግ አንድ ሥራ ነው?

አይደለም፣ ጎረቤታሞች ናቸው። ኮደሩ ሐኪሙ የጻፈውን አንብቦ ወደ ኮድ ይቀይራል። ቢለሩ ኮዱን ቅጽ ላይ ሞልቶ ለመድን ድርጅቱ ይልካል፣ ክፍያውን ይከታተላል፣ ሲመለስበት ይከራከራል። ትንሽ ክሊኒክ ከሆነ አንዱ ሰው ሁለቱንም ይሠራል።

ኮዱም ሁለት ዓይነት ነው። «ታካሚው ምን ሆነ?» ለሚለው አይሲዲ-10-ሲኤም አለ። «ምን ተደረገለት?» ለሚለው ሲፒቲ አለ። አይሲዲ-10-ሲኤም አሜሪካ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦክቶበር 1 ቀን 2015 ነው። ሲፒቲን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ነው፤ መጀመሪያ የታተመው በ1966 ነው። የመጀመሪያው ዋና እድሳት በየዓመቱ ኦክቶበር 1፣ የሁለተኛው ጃንዋሪ 1 ይወጣል። ስለዚህ ከጓደኛ የተዋሳችሁት የዛሬ ሦስት ዓመት መጽሐፍ ለልምምድ ይሁን፤ ለሥራ ግን አይሆንም።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። አሜሪካኖቹ ለምን አስፈለጋቸው?

እኛም ጋ የዚህ ነገር ዘመድ አለ። ደሴ ሆስፒታል እግሩን ሊታከም የመጣ ሰው ካርድ ያወጣል፤ ከዚያ ወይ ገንዘብ ቤት ይከፍላል፣ ወይ የጤና መድን ደብተሩን ያሳያል። ደብተር ካለው ሪፈር ወረቀቱን ይጠየቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከ13ቱ ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ተሁለደሬ ነበረች። የወረዳዋ ከተማ የሐይቅ ሰው «ሌላ ሰው ይከፍልልሃል፣ ማስረጃ ግን አምጣ» የሚለውን አሠራር ቶሎ ነው የለመደው ማለት ነው።

አሜሪካ ያለውም ሐሳቡ ይኸው ነው። ከፋዩ ታካሚውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የሚያየው ኮዱን ነው። ኮዱ ላይ የሌለ ነገር ለእሱ አልተደረገም።

አጥንት «አልያዘም» የሚባለው መቼ ነው? የሚወስነውስ ማነው?

የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ኮደር ራጅ አይቶ «ይሄማ አልያዘም» አይልም፣ ወር ቆጥሮም አይፈርድም።

ግን ነገሩን ማወቅ ይጠቅማል። የቅልጥም መሐል ስብራት ሳይወሳሰብ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይይዛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሚጠቀምበት መለኪያ ደግሞ ይሄ ነው፦ ከጉዳቱ 9 ወር ካለፈና በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ምንም የመዳን እድገት ካልታየ፣ አልያዘም ይባላል። ቅልጥም ለዚህ ችግር የተጋለጠ አጥንት ነው። ፊት ለፊቱን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከቆዳው ሥር ወዲያው አጥንት ነው፣ ጡንቻ የለም። ሲሰበር በቀላሉ ቆዳውን ቀዶ ይወጣል፣ የደም ዝውውሩም ደካማ ነው።

ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ አታምታቷቸው። ዘግይቶ እየያዘ ያለ፣ ጭራሹኑ ያልያዘ፣ እና ይዞ ግን ጠምሞ የያዘ። ሦስቱም የየራሳቸው ፊደል አላቸው፤ ወደ ታች እንደርስባቸዋለን።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ለአንድ እግር አራት ሂሳብ መጣበት። ተጭበርብሮ ይሆን?

ላይሆን ይችላል። ቀዶ ጥገና ያደረገው ሐኪም ለብቻው ይጠይቃል። ሆስፒታሉ ለክፍሉ፣ ለነርሶቹና ለብረቱ ለብቻው ይጠይቃል። ሰመመን ሰጪው ሌላ ነው። ራጁን ያነበበው ሐኪምም ሌላ ነው። ሐኪሞቹ የሚሞሉት ቅጽና ሆስፒታሉ የሚሞላው ቅጽ እንኳ አይመሳሰልም። እንዲያውም ተኝቶ ለታከመ ሰው ሆስፒታሉ የሚጠቀመው ሲፒቲን ሳይሆን አይሲዲ-10-ፒሲኤስ የሚባል ሌላ ኮድ ነው።

በመጀመሪያ የመጣው ወረቀት ምናልባት ሂሳብ ላይሆንም ይችላል። መድን ድርጅቱ ኢኦቢ የሚባል ማብራሪያ ይልካል፤ ላዩ ላይ «ይህ ሂሳብ አይደለም» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሰው ግን ትልቁን ቁጥር ብቻ አይቶ ይደነግጣል። በምሳሌ እንየው። ሐኪሙ 20,000 ዶላር ጠየቀ እንበል። መድኑ በውሉ የተስማማበት ዋጋ 6,000 ነው፤ የቀረው 14,000 ይሰረዛል። ወንድምህ በዓመቱ መጀመሪያ ከኪሱ የሚሸፍነው 1,500 ካልተነካ እሱን ይከፍላል። ከቀረው 4,500 ላይ ድርሻው 20 በመቶ ከሆነ 900 ይጨመራል። ጠቅላላ 2,400 ዶላር። ያማል፣ ግን 20,000 አይደለም።

ሁለት ነገር ንገረው። አንደኛ፣ ዝርዝር ሂሳብ ይጠይቅ፤ ኮዶቹ የሚታዩበት ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሆስፒታሉ ከመድኑ ጋር ውል ያለው ሆኖ ሰመመን ሰጪው ውል የሌለው ከሆነ፣ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ባለው ሕግ ልዩነቱን ከታካሚው መጠየቅ አይችልም። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ከሆነም አቅም ለሌለው የሚረዳበት የጽሑፍ ፖሊሲ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል፤ ፎርሙን ይጠይቅ። አበሻ መጠየቅ ያፍራል፤ እዚህ ላይ ግን ማፈር ዋጋ ያስከፍላል።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኜ ይህን ሥራ መሥራት እችላለሁ?

ይቻላል፣ ግን የሚወራውን ያህል ቀላል አይደለም። ብዙዎች የሚይዙት ምስክር ወረቀት ሲፒሲ ነው፤ ፈተናው 100 ጥያቄ በ4 ሰዓት ነው። አልፋችሁ ልምድ ከሌላችሁ ስማችሁ ላይ «ጀማሪ» የሚል ምልክት ይጨመራል፤ በልምድ ይነሳል። ከዋሽንግተን ጋር ያለን የሰዓት ልዩነት እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው፤ የእነሱ ጠዋት የእኛ ከሰዓት በኋላና ማታ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ምስጢር ነው። የታካሚ መረጃ በአሜሪካ ሕግ የተጠበቀ ነው። ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ ቁጭ ብሎ ቻርት (የታካሚ መዝገብ) መክፈት የለም፤ ስክሪን ፎቶ አንስቶ ግሩፕ ላይ «ይሄ ኮዱ ምንድን ነው?» ብሎ መልቀቅማ ጭራሽ። አንዳንድ ግዛቶች የሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ያለው የመንግሥት መድን) ታካሚዎችን መረጃ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሰው እንዳያየው ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የማን ታካሚዎች እንደሆኑ ጠይቁ። ሌላው፣ «ሥራው እርግጠኛ ነው፣ መመዝገቢያ ብቻ ክፈል» የሚላችሁን ሰው ሽሹት።

እሺ፣ የቀዶ ጥገናው ኮድ ስንት ነው?

ለቅልጥም አራት አሉ። 27720 ያለ ግራፍት (ያለ ተጨማሪ አጥንት) የሚደረግ ጥገና ነው፤ ለምሳሌ ሁለቱን ጫፎች አጣብቆ በብረት መጫን። 27722 ተንሸራታች ግራፍት ነው፤ ከዚያው ከቅልጥሙ ቁራጭ አጥንት ተቆርጦ ክፍተቱ ላይ ይንሸራተታል። 27724 ከዳሌ ወይም ከሌላ የታካሚው የራሱ አካል ተወስዶ አጥንት የሚጨመርበት ነው። 27725 ደግሞ ቅልጥሙን ከጎኑ ካለው ቀጭን አጥንት፣ ከፊቡላ ጋር አያይዞ አንድ ማድረግ ነው።

አራቱም ያልያዘውንም ጠምሞ የያዘውንም ይሸፍናሉ። የትኛው እንደሆነ የሚናገረው የምርመራው ኮድ ነው። እኔ ባየሁት 27722 እና 27725 እምብዛም አያጋጥሙም። ጭቅጭቁ ሁሉ 27720 እና 27724 ላይ ነው።

27720 እና 27724ን እንዴት ልለያቸው?

ርዕሱን አትመኑ። የኦፕራሲዮን ማስታወሻው አናት ላይ «የቅልጥም ጥገና ከግራፍት ጋር» ተብሎ ይጻፋል፤ ተማሪው እሱን አይቶ 27724 ብሎ ይዘጋዋል። ወደ ታች ውረዱና የተሠራውን አንብቡ። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ አጥንቱ ከየት መጣ?

ዳሌው ላይ ሌላ ቁስል ተከፍቶ ከዚያ የተፋቀ ከሆነ 27724 ነው። ከታፋ አጥንት ውስጥ በመሣሪያ ታጥቦ የተሰበሰበም ቢሆን የራሱ የታካሚው ስለሆነ 27724 ነው። ከአጥንት ባንክ በዕቃ ታሽጎ የመጣ ከሆነ ግን የሌላ ሰው ነው፤ አሎግራፍት ይባላል። የ27724 ቃል ደግሞ በግልጽ «ኦቶግራፍት» (የታካሚው የራሱ አጥንት) ነው የሚለው። ስለዚህ ወደ 27720 ትመለሳላችሁ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ በዚች ነገር ተይዣለሁ። ማስታወሻው «ግራፍት በደንብ ተጠቀጠቀ» ይላል፣ እኔም 27724 ብዬ ላክሁ። ኦዲተሯ አንድ መስመር ብቻ ጻፈችልኝ፦ «የተወሰደበትን ቁስል አሳየኝ።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቁስል የለም። የዕቃው መለያ ቁጥር ከታች ተለጥፏል። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምፈልገው ሁለተኛውን ቁስል ነው።

ሐኪሙ ለምን አንዱን እንደሚመርጥ ማወቅም ያግዛል። ጫፉ ያበጠ አጥንት አለ፤ ራጅ ላይ ቅርጹን የዝሆን እግር ይሉታል። እሱ ለማደግ አቅም አለው፣ የጎደለው መርጋት ነው፤ አጥብቆ ማሰር ይበቃዋል፤ ብዙ ጊዜ 27720 ይሆናል። ጫፉ የቀጠነና የደረቀ ደግሞ አለ። እሱ ሕይወት ነው የጎደለው፤ አዲስ አጥንት ካልተጨመረበት አይነቃም። ማስታወሻው «የደረቀ ዓይነት» ብሎ ጀምሮ ግራፍት ካላነሳ፣ አንድ ገጽ የዘለላችሁ ይሆናል፤ እንደገና ፈልጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በ27724 ውስጥ ግራፍቱን ማውጣቱ ተካቷል። ለግራፍት ማውጣት የተቀመጡትን 20900 ወይም 20902 ደርባችሁ ከጨመራችሁ፣ ለአንድ በግ ሁለቴ ማስከፈል ነው።

የምርመራው ኮድ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ምንድን ናት?

ሰባተኛዋ ምልክት ናት፤ ብዙ ክሌም (ለመድኑ የሚላክ የክፍያ ጥያቄ) የሚመለሰው በእሷ ነው። የቅልጥም መሐል ስብራት በኤስ82.2 ይጀምራል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር የስብራቱን ዓይነት ይናገራል፦ 2 አግድም፣ 3 ሰያፍ፣ 4 የተጠማዘዘ፣ 5 የተሰባበረ። ከዚያ የሚከተለው ጎኑንና ቦታውን መልቀቁን ነው። ለምሳሌ ኤስ82.251 ማለት የቀኝ ቅልጥም፣ መሐሉ ላይ፣ የተሰባበረና ቦታውን የለቀቀ ስብራት ነው። 252 ቢሆን ግራው ነው።

አሁን ፊደሏ ትመጣለች። ላልያዘ አጥንት፦ ስብራቱ ዝግ (ቆዳውን ያልቀደደ) ከነበረ ኬ፣ ክፍት ሆኖ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ደረጃ ከነበረ ኤም፣ ክፍት ሦስተኛ ደረጃ ከነበረ ኤን። ጠምሞ ለያዘ በዚያው ቅደም ተከተል ፒ፣ ኪው፣ አር። ዘግይቶ እየያዘ ላለ ጂ፣ ኤች፣ ጄ። ደረጃው ጉስቲሎ የሚባለው ነው። ቁስሉ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ አንደኛ፣ ከዚያ የበለጠ ግን ሥጋው ብዙ ያልተጎዳ ሁለተኛ፣ ሥጋው ክፉኛ የተጎዳ ወይም የደም ሥር የተቆረጠበት ሦስተኛ ነው።

ተማሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ታካሚው ዛሬ ሲመጣ ቆዳው ድኗል፣ ጠባሳ ብቻ ነው ያለው። «ታዲያ ዝግ ነው፣ ኬ» ይላሉ። አይደለም። ፊደሏ የምትናገረው ስለ መጀመሪያው ቀን ነው። ያኔ ክፍት ከነበረ፣ ዛሬም ኤም ወይም ኤን ነው። ስለዚህ የዛሬውን ማስታወሻ ብቻ አንብቦ መወሰን አይቻልም፤ የመጀመሪያውን ቀን ወረቀት ማግኘት አለባችሁ።

ሐኪሙ ክፍት ይሁን ዝግ ካልጻፈስ?

መመሪያው መልስ አለው። ክፍት ወይም ዝግ ካልተባለ ዝግ፣ ቦታውን ለቀቀ ወይም አልለቀቀም ካልተባለ የለቀቀ ተደርጎ ይያዛል። ክፍት ተብሎ ደረጃው ካልተጻፈ ከአንደኛና ሁለተኛ ጋር ይመደባል፤ ስለዚህ ላልያዘው ኤም።

እናቴ የአጥንት መሳሳት አለባቸው። ቤት ውስጥ አዳልጧቸው ተሰበሩ፤ እስካሁን አልያዘም። ያው ኤስ82 ነው?

አይደለም። አጥንቱ እንደሳሳ የታወቀ ከሆነና ጤነኛ አጥንትን በማይሰብር ቀላል መውደቅ ከተሰበረ፣ ኮዱ ከጉዳት ምዕራፍ ወጥቶ ወደ ኤም80 ይሄዳል። በዕድሜ የመጣ መሳሳት ሆኖ ቀኝ እግር ከሆነ ኤም80.061፣ አልያዘም ከተባለ መጨረሻው ኬ ነው። እዚህ ክፍትና ዝግ የሚባል ክፍፍል የለም።

አሮጌውን ብረት ማውጣት ለብቻው ይከፈላል?

ብዙ ጊዜ አይከፈልም፤ ይሄ ብዙ ሰው ያናድዳል። ብረት ለማውጣት 20680 የሚባል ኮድ አለ፤ ሐኪሙም አንድ ሰዓት ሙሉ ከተሰበረ ብሎን ጋር ሲታገል ሊውል ይችላል። ግን ያልያዘውን አጥንት ለመጠገን ብረቱ የግድ መውጣት ካለበት፣ ማውጣቱ የጥገናው አካል ነው። የሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት መድን) የማጣመሪያ ደንብ፣ ማለትም የትኛው ኮድ ከየትኛው ጋር አብሮ እንደማይከፈል የሚናገረው፣ ይህን በታፋ አጥንት ምሳሌ ያስረዳዋል፤ ለቅልጥምም ሐሳቡ ያው ነው።

ትግሉ በእውነት ከተለመደው በጣም የበለጠ ከሆነ መንገዱ ሞዲፋየር 22 ነው፤ ሞዲፋየር ማለት ሲፒቲ ኮዱ ጫፍ ላይ የሚጨመር ባለ ሁለት አኃዝ ምልክት ነው። «ከባድ ነበር» የሚል ቃል ግን አይበቃም። ስንት ተጨማሪ ደቂቃ? ለምን? ማስታወሻው ላይ ከሌለ ባትሞክሩት ይሻላል። ብረቱ ያለው ሌላ ቦታ፣ ሌላ አጥንት ላይ ከሆነ ነገሩ ይለያል።

ፊቡላውም አልያዘም። እሱስ?

27726 አለ፤ ላልያዘ ወይም ጠምሞ ለያዘ ፊቡላ፣ በብረት ሲታሰር። ከፊቡላ መቁረጫው ኮድ 27707 ጋር አብሮ አይሞላም።

«90 ቀን» የሚባለው ምንድን ነው? ያልያዘ አጥንት ላይ እንዴት ይሠራል?

ለትልቅ ቀዶ ጥገና የሚከፈለው ክፍያ አንድ ጥቅል ነው። በሜዲኬር አቆጣጠር ከዋዜማው ቀን ይጀምርና ቀዶ ጥገናው ያለበትን ቀን፣ ቀጥሎም 90 ቀን ይይዛል። በዚያ ውስጥ ያለ የተለመደ ክትትል ሌላ ክፍያ የለውም፤ 99024 ተብሎ በዜሮ ይመዘገባል። የቅልጥም ጥገና ኮዶቹ የዚህ ጥቅል ወገን ናቸው። መጀመሪያ ሮድ (አጥንቱ ውስጥ የሚገባ ዘንግ) የገባበት 27759ም እንዲሁ።

አንዲት ነገር ልብ በሉ። አጥንት አልያዘም የሚባለው ከወራት በኋላ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ጥቅል ብዙውን ጊዜ አልቋል። ስለዚህ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ያለ ምንም የጊዜ ሞዲፋየር ይሄዳል፤ የራሱን አዲስ 90 ቀንም ይጀምራል። ተማሪዎች ግን «ሁለተኛ ቀዶ ጥገና» የሚለውን ሲያዩ እጃቸው ወደ 78 ይሮጣል። መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ። በ90 ቀን ውስጥ ከሆነ ብቻ ምርጫ ይመጣል፦ አስቀድሞ የታቀደ ቀጣይ ደረጃ 58፣ ባልታሰበ ችግር ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መመለስ 78፣ ፈጽሞ የማይገናኝ ሌላ ጉዳይ 79። በዋዜማው ወይም በዕለቱ «ቀዶ ጥገና ያስፈልግሃል» ተብሎ የተወሰነበት ምርመራ ደግሞ 57 ተጨምሮበት ለብቻው ይከፈላል።

ብረቱ ውስጡ ተሰብሯል፣ ወይም መግል ይዟል። ተጨማሪ ኮድ አለው?

አለው። የቀኝ እግር ብረት ከተሰበረ ቲ84.116፣ የግራው ቲ84.117። በቀኝ ቅልጥም ብረት ሰበብ የመጣ ኢንፌክሽን ቲ84.622፣ የግራው 623። አጥንቱ ራሱ ከተበከለ የኤም86 ወገን ይጨመራል።

እዚህ ላይ የሚያደናግር ነገር አለ። አንድ ክሌም ላይ ስብራቱ ኬ ይዞ፣ ብረቱ ደግሞ ኤ ይዞ ይወጣል። «ኤ ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም እንዴ?» ትላላችሁ። ኤ የምትለው «ያ ኮድ ለሚናገረው ችግር ንቁ ሕክምና እየተሰጠ ነው» ነው። ስብራቱ አሮጌ ነው፤ የብረቱ መሰበር ግን ገና ዛሬ እየታከመ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ክሌሙ ተመለሰ። ከየት ልጀምር?

ዋናው ከሚመስለኝ ምክንያት ልጀምር፦ ሁለቱ ኮዶች እርስ በርስ አይነጋገሩም። 27720 ልካችሁ ምርመራው በኤ ካለቀ፣ አንዱ «አሮጌና ያልያዘ» ይላል፣ ሌላው «ትኩስ ስብራት» ይላል። ኮምፒውተሩ እዚያው ይጥለዋል። ቀጥሎ ጎኑን እዩ፤ ሲፒቲው የቀኝ ምልክት ይዞ አይሲዲው 252 ከሆነ ግራና ቀኝ ተጋጭተዋል። ከዚያ ከመድኑ ቀድሞ ፈቃድ ተጠይቆ እንደነበር አጣሩ። በመጨረሻ ቀኑን፤ ለሜዲኬር አገልግሎቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ነው። ካለፈ ክርክር የለም።

በባጃጅ የተገለበጠ ሰው ኮድ አለው ብለው ሳቁብኝ። እውነት ነው?

እውነት ነው፣ እነሱ ናቸው የሚሳቅባቸው። ከቪ30 እስከ ቪ39 ያለው በሙሉ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ውስጥ ለነበረ ሰው ነው። የኮምቦልቻ ጋሪም አልተረሳም፤ በእንስሳ የሚጎተት ተሽከርካሪ ላይ የነበረ ሰው ቪ80 ውስጥ ይገኛል። ላም መታችው ካላችሁ ደብሊው55.22 አለላችሁ። ክፍሌ ውስጥ ይቺን ቁጥር ስነግራቸው ሁሌም አንድ ልጅ «በሬስ?» ይላል።

እነዚህ የጉዳቱን ምክንያት የሚናገሩ ኮዶች ናቸው። ብቻቸውንም ሆነ በመጀመሪያ ቦታ አይቆሙም። ግዛቱ ወይም ከፋዩ ካላስገደደ መሙላቱ በፈቃድ ነው። ከሞላችሁ ግን ሰባተኛዋን ፊደል ጠብቁ፦ ኤ (ንቁ ሕክምና)፣ ዲ (ቀጣይ ክትትል) ወይም ኤስ (ጉዳቱ ጥሎት ያለፈው ችግር) ብቻ ናት። ኬ የላቸውም። ስለዚህ ስብራቱ ኬ ሲሆን ባጃጁ ዲ ይሆናል።

ሰውየው አገር ቤት ተሰብሮ ወጌሻ ነው ያየው። አሜሪካ ከገባ በኋላ በ11ኛው ወር ሐኪም ጋ ሄደ፣ አልያዘም ተባለ። ኬ ነው ኤ?

ይሄ ከሁሉም ይከብዳል፤ ለእኛ ሰው ደግሞ በጣም ቅርብ ነው። የአይሲዲው መመሪያ አንዲት የምትዘለል ዓረፍተ ነገር አለችው፦ ለስብራቱ ወይም ላልያዘው አጥንት ሕክምና ሳይፈልግ ለዘገየ ታካሚ፣ ፊደሏ የመጀመሪያ ጊዜ ትሆናለች ትላለች። ማለትም ኤ፣ ወይም ክፍት ከነበረ ቢ ወይም ሲ። ስለዚህ እስከዚያ ቀን ማንም ሳያክመው ቆይቶ የመጣ ሰው፣ አጥንቱ ባይዝም ኬ ላይሆን ይችላል። ቅድም «27720 ከኤ ጋር አይነጋገርም» ያልኩት ግን ራሱ እዚህ ጋ ይፈተናል። ክሌሙ በዚህ ምክንያት ሲመለስ የሚከራከርላችሁ ሐኪሙ የጻፈው ታሪክ ነው፤ መዘግየቱ በግልጽ ተጽፎ አብሮ ይላክ።

ወጌሻውስ? ወጌሻ አሽቷል፣ በቀርከሃ አስሯል፣ ሁለት ሦስት ጊዜም ፈትቶ አይቶታል። በቤተሰቡ ዓይን ይሄ ሕክምና ነው። መመሪያው ግን ስለ ወጌሻ የሚለው ነገር የለም። አንዳንድ ተማሪዎቼ «ወጌሻማ ሕክምና አይደለም» ብለው ኤ ይሞላሉ፤ ሌሎቹ «ታክሟል» ብለው ኬ ይሞላሉ። ሁለቱም ሐኪሙን ሆነው እየወሰኑ ነው። የእኔ መንገድ ጥያቄ መጻፍ ነው። ጥያቄውም መልሱን የሚመራ መሆን የለበትም፤ «ኬ ልበለው?» አይባልም። እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «ታካሚው ወደ እርስዎ ከመምጣቱ በፊት ለዚህ ስብራት ያገኘው ሕክምና ካለ፣ ምን ዓይነት እንደሆነና መቼ እንደሆነ ይግለጹ።» ሐኪሙ መልሱን ቻርቱ ላይ ጽፎ እስኪፈርም ድረስ ያ ክሌም ከእጄ አይወጣም።